ቋንቋ በበዓል ይደምቃል፣ በጽሑፍ ይቆያል

በአገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚል ተረት አለ። ይህን ተረት ስንቶቻችን ፊደል ሳንቆጥር ሰምተነዋል። ዛሬ ግን ማንበብና መጻፍ ከቻልን በኋላ ትርጉሙ ይበልጥ ይገባናል። የአባቶቻችን ዘፈን፣ የእናቶቻችን እንጉርጉሮ፣ የሽማግሌዎች ምክር በቃል የኖረ ሀብት ነው። ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። የጻፈው ሰው ካለ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

በዚህ ትምህርት የምናየው ስለ አፋርኛ ቋንቋና ስለ አፋር ዘፈን ነው። ቋንቋና ዘፈን በበዓል እንዴት እንደሚደምቁም እናያለን። ከዚያም «በዓል ብቻውን ቋንቋን ያድናል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን።

ሚሌ፣ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ

ሚሌ በአፋር ክልል በአዋሽ ሸለቆ ያለች ከተማ ናት። ስሟ ከሚሌ ወንዝ ስም ጋር አንድ ነው። ወንዙ ከወሎ ደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። አዋሽም ወደ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያበቃል።

በሚሌ ሁለት ትልልቅ መንገዶች ይገናኛሉ። አንዱ ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ በገዋኔ በኩል የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል የሚወርደው ነው። ከሚሌ በኋላ መንገዱ ወደ ሎግያና ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይቀጥላል። ስለዚህ ሚሌ ላይ የጉምሩክ ኬላ አለ፤ ከባድ መኪናዎች ይቆማሉ፤ ሾፌሩ፣ ነጋዴውና አርብቶ አደሩ ይገናኛሉ።

ሰው በተገናኘበት ቋንቋም ይገናኛል። በሚሌ ሻይ ቤት አፋርኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ቢሰማ የሚያስገርም አይደለም። ወደ ደጋው ብንወጣ ደግሞ የባቲን ገበያ እናገኛለን። የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ይቆማል። ከጥንት ጀምሮ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ሰዎች ግመልና ፍየል፣ እህልና ጨው የሚለዋወጡበት ነው። ባቲ የገበያ ስም ብቻም አይደለም። ከአራቱ የአገራችን የዘፈን ቅኝቶች አንዱ ባቲ ይባላል። ሦስቱ ትዝታ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። እንግዲህ ደገኛና ቆለኛ የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ስም በዘፈን ቅኝት ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

አፋርኛ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው?

አፋርኛ በሦስት አገሮች ይነገራል። እነርሱም ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአገራችን ያሉት የአፋር ተወላጆች ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ ነበሩ።

አፋርኛ የኩሽ ቋንቋዎች ከሚባሉት ወገን ነው። ሳሆ፣ ሶማልኛና ኦሮምኛ ዘመዶቹ ናቸው። ዝምድናው በቁጥር ስም እንኳ ይታያል። «ሦስት» ለማለት አፋር «ሲዶሕ» ይላል፤ ሶማሌ «ሰደሕ» ይላል፤ ኦሮሞ «ሰዲ» ይላል። ሦስቱን ቃላት ድምፅ አሰምታችሁ ብታነቧቸው የወንድማማች መልክ አላቸው።

አፋሮች ቋንቋቸውን «ዐፈር አፍ» ይሉታል። የአፋር አፍ ማለት ነው። እኛም በአማርኛ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» እንል የለ? ልጅ አፉን የሚፈታበት፣ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገርበት ማለታችን ነው። የአፋር ልጅ አፉን ሲፈታ እናቱን «ኢና» ይላል፤ አባቱን «አባ» ይላል። ውሃ «ሌ» ነው። ወተት «ሐን» ነው። ቤት «ዐሪ» ነው።

ቋንቋ ሲኖር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ አዲስ ነገር ሲመጣ አዲስ ስም ያወጣል። ለምሳሌ ፕሮሶፒስ የሚባል እሾኻም ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ በአዋሽ ሸለቆ ተተከለ። ዛፉ ተስፋፍቶ የግጦሽ መሬት ወረረ። አፋሮች ይህን ዛፍ «ደርጊ ሐራ» አሉት። «የደርግ ዛፍ» ማለት ነው። በሁለት ቃል የመጣበትን ዘመን መዘገቡ ማለት ነው። ቋንቋ የሕዝብ መዝገብ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

ዳጉ፣ ያለ ጋዜጣ የሚሄድ ወሬ

ስለ አፋር ሲነገር ዳጉ ሳይነሣ አይታለፍም። ዳጉ የአፋር ሕዝብ ወሬ የሚለዋወጥበት ሥርዓት ነው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ቢቸኩሉም ቁጭ ይላሉ። ከዚያም አንዱ ይጠይቃል፤ አንዱ ይናገራል። ነገሩ በአማርኛ ቢነገር እንዲህ ያለ ነው፦

«ወንድሜ፣ ከየት ትመጣለህ?»

«ከአዋሽ ዳር ነው የምመጣው።»

«ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

«ዝናብ ጥሏል። ሣሩ ገና አልደረሰም። የጎረቤታችን ፍየሎች ታመዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ገበያ ላይ የግመል ዋጋ ወርዷል አሉ፤ ይህን ግን የሰማሁት ከሰው ነው።»

የመጨረሻውን ንግግር ልብ በሉ። ተናጋሪው ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ሰማሁ» ብሎ ለየው። የዳጉ ትልቁ ሕግ ይህ ነው። የሐሰት ዳጉ ማውራት ትልቅ ነውር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው በሰማው ዳጉ ተነሥቶ ከብቱን ይነዳል። ወሬው ሐሰት ከሆነ ሣር በሌለበት፣ ውሃ በሌለበት ምድር ይደርሳል። ከብቱ ያልቃል፤ ልጆቹ ይራባሉ።

ዳጉ የሚሠራው በቋንቋ ነው። ለሣሩ፣ ለደመናው፣ ለከብቱ በሽታ፣ ለግመሉ ዕድሜና መልክ ትክክለኛ ቃል ያስፈልጋል። ከተማ ያደገ ልጅ ይህን ቃል ካላወቀ ዳጉውን ሰምቶ አይረዳውም። ስለዚህ ቃል ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ዕውቀት አለ።

ዘፈን፣ ጭፈራና ፉከራ

የአፋር ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ክራርና ማሲንቆ አይፈልግም። በድምፅ፣ በጭብጨባና በእግር ምት ይካሄዳል። አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል። ከታወቁት ጭፈራዎች ኬኬ፣ ላሌና ሆራ ይጠቀሳሉ። በሠርግ፣ በዒድና በሌላም የደስታ ቀን ይጨፈራል። ወንዶች «ጊሌ» የሚባለውን ቆልማማ ጩቤ ወገባቸው ላይ ታጥቀው ይወጣሉ።

ካሶው የሚባል የፉከራ ግጥምም አለ። በደጋው ፉከራ፣ ቀረርቶና ሽለላ እንደምንለው ያለ ነው። ገጣሚው ጎሣውን ያወድሳል፤ ጀግንነቱን ይቆጥራል፤ ተቀናቃኙን በነገር ይወጋል። ካሶው የሚችል ሰው ብዙ ቃል፣ ብዙ ታሪክ፣ ብዙ የዘር ሐረግ ማወቅ አለበት።

ደግሞም ጊኒሊ የሚባል ሰው ነበረ። ጊኒሊ ገጣሚም ነው፣ ተንባይም ነው። ሰዎች ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። ጊኒሊው መሐል ይሆናል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጠላት፣ ስለ ጠፋ ከብት ይጠይቁታል፤ እርሱም በግጥም ይመልሳል። ትንቢቱን ማመንና አለማመን የየሰው ፈንታ ነው። ነገር ግን በዚያ ግጥም ውስጥ ያለፈ ጦርነት፣ ያለፈ ድርቅና ያለፈ ጥጋብ ተመዝግቦ ይገኛል። የታሪክ አጥኚዎች ዛሬ እንዲህ ያለውን ግጥም እየፈለጉ ይመዘግባሉ።

አፋርኛ ፊደል እንዴት አገኘ?

በ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት ዲሚስና ሬዶ የሚባሉ ሁለት የአፋር ሰዎች አፋርኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ የሚያስችል ሥርዓት አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በዘመቻው ትምህርት የተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ አፋርኛ ነው። በዚያን ጊዜ 15ቱም ቋንቋዎች የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። በኋላ የአፋር ክልል የላቲኑን ፊደል መረጠ፤ አሁን የሚጻፈው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ የአፋርኛ፣ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በለንደን ታተመ። እ.ኤ.አ. ማለት «እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር» ማለት ነው።

ፊደል የድምፅ ልብስ ነው፤ በልክ መሰፋት አለበት። ቅድም «ደርጊ ሐራ» ያልነውን እናስታውስ። በ«ሐራ» መካከል ያለው ድምፅ ትክክለኛ «ረ» አይደለም፤ «ደ»ም አይደለም። ምላስን ወደ ኋላ አጥፎ የሚነገር ነው። አፋርኛ ለዚህ ድምፅ «ኤክስ» የምትባለውን የላቲን ፊደል ሰጥቶታል። ከጉሮሮ ለሚወጣው ለ«ዐ» ድምፅ ደግሞ «ኪው» የምትባለውን ሰጥቷል። ስለዚህ አፋሮች «ዐፈር» ብለው ሲጽፉ መነሻው «ኪው» ነው። ይህን የማያውቅ እንግዳ «ቃፈር» ብሎ ያነበዋል። ጥፋቱ የፊደሉ አይደለም፤ ሕጉን አለማወቅ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንደሚኖራቸው ይናገራል። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም አፋርኛ ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛና ከትግርኛ ጋር በተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋነት እንዲያገለግል ታስቧል። በወረቀት ላይ ያለው መብት ሥራ የሚሆነው ግን ቋንቋውን የሚናገር፣ የሚያነብና የሚጽፍ ሰው ሲኖር ነው።

የሰመራው በዓል

ኅዳር 29 የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ነው። ዕለቱ የተመረጠው ሕገ መንግሥቱ በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ስለጸደቀ ነው። በዓሉ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል። በ2010 ዓ.ም. 12ኛው በዓል በአፋር ክልል ዋና ከተማ በሰመራ ተከበረ። ከየክልሉ የመጡ ሰዎች በየልብሳቸውና በየቋንቋቸው ዘፈን ተገናኙ። የአፋርም ዘፈንና ጭፈራ በገዛ ምድሩ ለእንግዳ ቀረበ።

እንዲህ ያለ በዓል ጥቅም አለው። ልጅ የአባቱ ዘፈን በአደባባይ ሲከበር ያያል። «ለካ ቋንቋዬ ክብር አለው!» ይላል። ጎረቤት ሕዝብም ይተዋወቃል። በዋግ ኽምራ በነሐሴ ወር የሻደይን በዓል ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ልጃገረዶች ቄጠማውን ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ፣ ታናናሾቻቸው ዘፈኑን የሚማሩት እዚያው ነው።

ታዲያ በዓሉ ካለፈ በኋላስ? እንግዳው ሲሄድ፣ ድንኳኑ ሲነቀል ቋንቋው ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

የስኮትላንድ ምሳሌ

ከእንግሊዝ በስተ ሰሜን ስኮትላንድ የሚባል አገር አለ። በተራራማው ክፍልና በደሴቶቹ ጌይሊክ የሚባል ጥንታዊ ቋንቋ ይነገራል። የድሮዎቹ ባለ ቋንቋዎች አብዛኞቹ ከብት አርቢና ገበሬ ነበሩ። ባለ ርስቶች መሬቱን ለበግ እርባታ ሲፈልጉት ብዙዎቹን አፈናቀሏቸው። ሕዝቡ ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የትምህርት ሕግም ለጌይሊክ ቦታ አልሰጠውም። ልጆች በእንግሊዝኛ ብቻ ይማሩ ጀመር።

በዚህ ጊዜ ቋንቋቸውን የሚወዱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1891 አንድ ማኅበር አቋቋሙ። በዓመቱም፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ኦባን በምትባል ከተማ «ሞድ» የሚባል የቋንቋና የዘፈን በዓል አደረጉ። ሞድ ዛሬም አለ። በጥቅምት ወር በየዓመቱ በተለያየ ከተማ ይከበራል። ሰው ለብቻውም በቡድንም ይዘፍናል። ግጥም ይነበባል፤ ተረት ይነገራል። ልጆችም አዋቂዎችም ይወዳደራሉ፤ ለአሸናፊ ሽልማት ይሰጣል።

እንግዲህ ቁጥሩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1891 ጌይሊክ የሚናገሩት ከ250 ሺህ በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን 57 ሺህ ገደማ ብቻ ሆኑ። በዓሉ በየዓመቱ ሲከበር ቋንቋው እያነሰ ሄደ ማለት ነው። ቃሉን በቃላቸው አጥንተው አሳምረው የሚዘፍኑ፣ ከመድረክ ሲወርዱ ግን በቋንቋው መነጋገር የማይችሉ ሰዎች ተገኙ። ዘፈኑ በመድረክ ላይ ሲኖር፣ እናት ለልጇ በሌላ ቋንቋ ትናገር ነበር።

በኋላ ሰዎቹ ነቁ። እ.ኤ.አ. በ1985 በጌይሊክ የሚያስተምሩ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ቋንቋውን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ ጌይሊክን በመጠኑም ቢሆን የሚያውቁ ሰዎች ቁጥር ከ2011 ይልቅ ከፍ ብሎ ተገኘ። ትምህርት ቤት ረድቷል ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነው። በዓል ያነቃል፤ ቋንቋን የሚያኖረው ግን ቤትና ትምህርት ቤት ነው።

በአገራችን የጠፋ ቋንቋ

«ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይደለም። በጎጃም፣ በዓባይ አጠገብ ጋፋትኛ የሚባል ቋንቋ ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ ጄምስ ብሩስ የሚባል መንገደኛ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። እርሱም መኃልየ መኃልይ የተባለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ አስጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዎልፍ ሌስላው የሚባል የቋንቋ ሊቅ ቋንቋውን ሊያጠና ሲመጣ ጋፋትኛ የሚችሉ 4 ሰዎች ብቻ አገኘ። ዛሬ አንድም ተናጋሪ የለም።

ጋፋቶች ስንት ዘፈን ነበራቸው? ስንት የሠርግ ግጥም፣ ስንት የልቅሶ ሙሾ፣ ስንት ተረት ነበራቸው? የጻፈ ስላልነበረ አልቀረልንም። በቋንቋቸው የቀረልን ትልቁ ጽሑፍ ያ የተተረጎመው መኃልይ ነው።

አፋርኛ እንደ ጋፋትኛ ለመጥፋት የቀረበ ቋንቋ አይደለም። ብዙ ተናጋሪ አለው። በሬዲዮ ይነገራል፤ ፊደል አለው። ነገር ግን ቋንቋ ከሩቅ አይጠፋም፤ ከቤት ነው የሚጀምረው። በመንገድ ዳር ከተማ የሚያድገው ልጅ ለገበያው፣ ለመኪናውና ለትምህርቱ ሌላ ቋንቋ ይለምዳል። ይህ መልካም ነው። አማርኛ ማወቅ ሥራ ያስገኛል፤ ከሌላው ወገን ጋር ያግባባል። ሆኖም አዲስ ቋንቋ መማር የአባትን ቋንቋ መጣል አይደለም። ሁለት ግመል ያለው ሰው አንዱን አይሸጥም፤ ሁለቱንም ይጭናል።

በየቀበሌያችን ምን እናድርግ?

የቋንቋና የዘፈን ቀን ለማክበር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አፋር ውስጥም ሆነ ደጋ ላይ እንዲህ ማድረግ ይቻላል፦

1. ቀኑን በደንብ እንምረጥ። በአፋር ከካርማ ዝናብ በኋላ ሣር ይበቅላል፤ ወተት ይበዛል፤ ሰውም ልቡ ይረጋል። በደጋ ደግሞ መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ይመቻል። የካቲት 14 ገደማም በዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ይከበራል። ቀኑን የወሰነው ዩኔስኮ ሲሆን፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1952 በዳካ ከተማ ለቤንጋልኛ ቋንቋቸው መብት የተገደሉ ወጣቶች ናቸው።

2. ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ዳኛ እናድርግ። ሴቶች የሚያውቁት የእሹሩሩና የሠርግ ዘፈን ወንዶች ከሚያውቁት የተለየ ነው። እነርሱን ሳንጠይቅ ከቀረን ግማሹን አጣን ማለት ነው።

3. ልጆችን እናወዳድር። በዘፈን ብቻ አይሁን። የዛፍ ስም፣ የከብት መልክ፣ እንቆቅልሽና ተረትም ይጠየቁ።

4. ጸሐፊ እንመድብ። ማንበብና መጻፍ የተማርን ሁላችን ጸሐፊ መሆን እንችላለን። ማን ዘፈነው? የት? መቼ? ምን ማለት ነው? እነዚህን አራት ነገሮች እንጻፍ። ከመጻፋችን በፊት ግን ባለቤቱን እናስፈቅድ።

5. በስልክ እንቅዳ። ነገር ግን ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ይበላሻል። ስለዚህ ቅጂውን በሌላ ስልክ ላይም እናስቀምጥ፤ ቃሉንም በደብተር እንገልብጥ። ደብተሩ በትምህርት ቤት ወይም በንባብ ቤት ይቀመጥ።

6. እንደ ዳጉ ሕግ እውነቱን እንጻፍ። ያልሰማነውን አንጨምር፤ ያልገባንን ቃል በግምት አንሙላ። እንደገና እንጠይቅ።

7. ከበዓሉ ማግሥት እንጀምር። ማታ ማታ ለልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንድ ተረት እንንገራቸው። ይህ ከሁሉም ይበልጣል።

ፊደል የቆጠረ ሰው ለራሱ ብቻ አልቆጠረም። አጠገቡ ያሉት አዛውንት የሚያውቁትን አልጻፉትም፤ ነገ የሚወለደው ልጅ ሊያነበው ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ዛሬ እርሳስ የያዘው እጅ ነው።

አዲስ ቃላት

ዳጉ፦ የአፋር ሕዝብ የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት።
ካሶው፦ የአፋር የፉከራ ግጥም።
ቅኝት፦ የዘፈን ድምፆች የሚሰደሩበት ሥርዓት።
ካርማ፦ በአፋር ዋናው የዝናብ ወቅት።
ኬላ፦ መንገደኛና ዕቃ የሚፈተሽበት ቦታ።

ጥያቄዎች

1. የዳጉ ትልቁ ሕግ ምንድን ነው? ለምንስ አስፈለገ?
2. አራቱን የዘፈን ቅኝቶች ጻፉ። በገበያ ከተማ ስም የሚጠራው የትኛው ነው?
3. በ1971 ዓ.ም. አፋርኛ የተጻፈው በየትኛው ፊደል ነበር? አሁንስ?
4. በስኮትላንድ በዓሉ እየተከበረ ቋንቋው ለምን አነሰ? በኋላስ ምን ረዳው?
5. ለውይይት፦ በአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች ብቻ የሚያውቁት ዘፈን አለ? በቡድን ሆናችሁ አንዱን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ትምህርት ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።